ቦይለሩን የሚገዛው ሌላ፣ ካርድ የሚሞላው ሌላ

አዲስ አበባ ውስጥ የኪራይ ቤት የፈለገ ሰው የደላላን ቋንቋ ያውቀዋል። «ሮቶ አለው፣ ቦይለር አለው፣ ቆጣሪው የግሉ ነው» ይባላል በአንድ ትንፋሽ። ተከራዩ ሻወር ቤቱን ከፍቶ ነጩ በርሜል ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሲያየው ደስ ይለዋል፤ ቀብድ ይከፍላል። «ይሄ ነገር በወር ስንት ይበላል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢጠይቅም መልስ አያገኝም። ደላላው አያውቅም፣ አከራዩም አያውቅም። አከራዩ እንዲያውቅ የሚያስገድደው ነገር የለማ፤ ካርድ የሚሞላው እሱ አይደለም።

ጉዳዩን ያነሳሁት ከጥቂት ጊዜ ወዲህ የሂት ፓምፕ ቦይለር ነገር በየጨዋታው መሀል እየገባ ስለመጣ ነው። «በሲሶ መብራት ይሠራል» ይባላል። እውነት ነው ወይ? እውነት ከሆነስ ለማን ያዋጣል? ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲሰማ እጁ ወደ ካልኩሌተር ይሄዳል፤ የእኔም ሄደ። ስሌቱ ሲያልቅ ግን የመሣሪያው ነገር ትንሹ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። ትልቁ ጉዳይ መሣሪያውን የሚመርጠውና ሂሳቡን የሚከፍለው ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው።

እስቲ ከውሃው እንጀምር። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ እንዲል 1.16 ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ይፈልጋል። ይህን ቁጥር ውድም ሆነ ርካሽ፣ የቻይናም ሆነ የጣልያን፣ ማንም ቦይለር አይቀይረውም፤ የውሃ ጠባይ ነው። ለስሌት እንዲመቸን የቧንቧው ውሃ 18 ዲግሪ ነው እንበል። ገላችንን የምንታጠበው በ40 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልዩነቱ 22 ዲግሪ ሆነ። በደቂቃ 8 ሊትር የሚያፈስ ሻወር ስር አምስት ደቂቃ ብንቆም 40 ሊትር እንጨርሳለን። 40 በ22 በ1.16 ስናባዛው 1,020 ዋት ሰዓት ይመጣል። በአጭሩ አንድ ልከኛ ሻወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስባታለሁ። (በ15 ሊትር ባልዲና በጣሳ የሚታጠብ ሰው 0.4 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። እናቶቻችን «ባልዲ ይበቃሃል» ሲሉን ያለ ምክንያት አልነበረም።)

ሁለተኛው ወጪ ማንም የማያየው ነው። ቦይለር ውሃ አሙቆ ሲጨርስ ሥራው አያልቅም። በርሜሉ ውስጥ ያለው 60 ዲግሪ ሙቀት ቀስ እያለ በሽፋኑ በኩል ወደ ክፍሉ ይወጣል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ እንደገና ይነሳል፣ ያሞቃል፣ ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ፣ ሥራ ስንሄድ፣ ክፍለ ሀገር ለበዓል ስንወርድ ሳይቀር። የ80 ሊትር ተራ ቦይለር በዚህ መንገድ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ያፈሳል፤ ሽፋኑ ከሳሳ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሰው ሳይታጠብበት ማለቴ ነው። አንድ ሻወር ለግድግዳው በየቀኑ እናሳጥበዋለን ማለት ይቻላል።

ሂት ፓምፕ የሚባለው ታዲያ ምንድን ነው? ፍሪጅ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ሂት ፓምፕ ቤቱ አለ። እጃችሁን ከፍሪጁ ጀርባ ብታስገቡ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት ከውስጥ ካለው ምግብ ተቀድቶ ወደ ውጭ የተጣለ ነው። የሂት ፓምፕ ቦይለር ይህንኑ ሥራ ገልብጦ ይሠራዋል። በአካባቢው ካለው አየር ሙቀት ይቀዳና በርሜሉ ውስጥ ላለው ውሃ ይሰጣል። መብራቱ የሚሠራው ኮምፕረሰሩንና ማራገቢያውን ለማንቀሳቀስ ብቻ ስለሆነ፣ አመቺ ሁኔታ ሲያገኝ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ውሃው ውስጥ ያስገባል። ተራው ቦይለር ግን አንዱን በአንድ ነው የሚመልሰው። እዚህ ላይ ምትሃት የለም፤ ቀሪው ሁለት እጅ ከአየሩ የመጣ ነው። ስለዚህ «በሲሶ» የሚለው ወሬ በመርህ ደረጃ ልክ ነው።

በመርህ ደረጃ ያልኩት አየሩ እንደየሰዓቱ ስለሚለያይ ነው። አየሩ በቀዘቀዘና የምንፈልገው ውሃ በሞቀ ቁጥር የመሣሪያው ትርፍ ይቀንሳል። የኅዳር ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ግን 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ውሃ እንዲያሞቅ የታዘዘና ቀን ስምንት ሰዓት ላይ የታዘዘ ተመሳሳይ መሣሪያ ተመሳሳይ ሂሳብ አያመጡም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩም ሳሳ ያለ ነው፤ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያንሳል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር በሌላ አየር የተለካ ነውና ጥቂት ቅናሽ አድርጎ ማንበብ ይሻላል። ሥራውም ዘገምተኛ ነው፤ ተራው ቦይለር በአንድ ሰዓት ተኩል የሚጨርሰውን እሱ ብዙ ሰዓት ይወስድበታል። መብራት ሄድ መለስ በሚልበት ሰፈር ኮምፕረሰሩ ስታቢላይዘር ይፈልጋል፤ ይህም ወጪ ነው። ይህን ሁሉ ደምሬም ቢሆን የአዲስ አበባ አየር ለዚህ መሣሪያ ክፉ አይደለም እላለሁ። በረዶ የሚጋግርባቸው አገሮች እየተጠቀሙበት እኛ «አየሩ አይሆንም» ማለት አንችልም።

አሁን ወደ ብሩ እንግባ። የመብራት ታሪፋችን እርከን አለው፤ ብዙ የተጠቀመ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ይጨምራል። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ ያደገው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ መጨረሻው ላይ ሲደርስ፣ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም 27 ሳንቲም፣ ከ500 በላይ ላለው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። ዘጠኝ እጥፍ ልዩነት ነው። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ሌላ ማሻሻያ ተጀምሯል፤ ዋጋው ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ወደ ላይ እንዲሄድ የታቀደ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው የብር ቁጥር ከሦስት ወር በኋላ ያረጃል። ለስሌት እንዲመች አንድ ኪሎዋት ሰዓት 5 ብር ነው ብዬ እይዛለሁ። እናንተ በራሳችሁ ደረሰኝ ላይ ባለው ቀይሩት፤ ዘዴው አይለወጥም።

አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ እንውሰድ። በቀን አራት ሻወር፣ አራት ኪሎዋት ሰዓት። ለግድግዳው አንድ ጨምሩ፤ አምስት። በወር 150 ኪሎዋት ሰዓት፣ 750 ብር። ሂት ፓምፕ ቢሆን 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ 250 ብር። ቁጠባው በወር 500፣ በዓመት 6,000 ብር ሆነ። ከዚህም በላይ 100 ኪሎዋት ሰዓት መቀነስ ቤተሰቡን ወደ ታችኛው እርከን ሊያወርደው ይችላል፤ የምጣዱና የፍሪጁም ሂሳብ አብሮ ይቀንሳል። ደስ ይላል አይደል?

ግን መሣሪያው በነፃ አይመጣም። ከተራው ቦይለር 60,000 ብር ይበልጣል ብለን እንያዝ (ይህም ለስሌት ያህል የወሰድኩት ነው፤ የገበያውን ልዩነት እዚህ ቦታ አስገቡበት)። 60,000ን ለ6,000 ስናካፍል አሥር ዓመት። ያ ገንዘብ ባንክ ቢቀመጥ በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ7 በመቶ እንኳ በዓመት 4,200 ብር ያመጣል። እንግዲህ የመሣሪያው ንጹሕ ብልጫ በዓመት 1,800 ብር ነው፣ ያውም ሳይበላሽ። ወለዱን የዋጋ ንረቱ ይበላዋል የሚል ሰው ትክክል ነው፤ የመብራት ታሪፍ ግን ከንረቱ ጋር እያደገ ስለሚሄድ ያ ክርክር ወደ ሂት ፓምፑ ያደላል። ታሪፉ 10 ብር ቢደርስ የአሥሩ ዓመት ጥበቃ ወደ አምስት ይወርዳል። በሌላ በኩል ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወደደ፤ የመሣሪያውም ዋጋ አብሮ ወጣ። አንዱ እጅ የሰጠውን ሌላው ነሣው።

ለብቻው የሚኖር ሰው ጋ ስንመጣ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። በቀን አንድ ሻወር፣ አንድ ለግድግዳው። ከሚከፍለው ግማሹ ያልታጠበበት ነው! ይህ ሰው ሂት ፓምፕ ቢገዛ ሁለቱ ኪሎዋት ሰዓት ወደ 0.7 አካባቢ ይወርዱለታል። ነገር ግን ምንም ሳይገዛ ማጥፊያውን ብቻ ቢጠቀም ወደ 1.1 ይወርዳሉ። 1.5 ኪሎዋት የሆነ ሬዚስታንስ የአንድ ሻወር ውሃ ለማሞቅ 40 ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ከመታጠቡ 40 ወይም 45 ደቂቃ በፊት ማብራት፣ ታጥቦ ሲወጣ ማጥፋት። ከዚያ በኋላ ሂት ፓምፑ የሚጨምርለት ቁጠባ በወር 12 ኪሎዋት ሰዓት፣ 60 ብር ነው። በ60 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ለዚህ ሰው ሂት ፓምፕ ግዛ ብሎ መምከር ቀልድ ነው።

«ማጥፋትና ማብራት ይብስ ይበላል፣ ሁሌ ቢበራ ይሻላል» የሚል እምነት በየቤቱ አለ። ስህተት ነው። ከበርሜሉ የሚወጣው ሙቀት የሚወሰነው በውስጡና በውጭው ሙቀት ልዩነት ነው፤ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር የሚያፈሰው ይቀንሳል። ጠፍቶ የቀዘቀዘ በርሜል የሚያፈስሰው ምንም የለውም። ማታ አብርቶ መልሶ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ኃይል ቀኑን ሙሉ አሙቆ ለማቆየት ከሚወጣው በምንም መንገድ አይበልጥም። (ቴርሞስታቱን በጣም ዝቅ ማድረግ ግን አልመክርም፤ ለብ ያለ ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ባክቴሪያ ይወልዳል።)

የሆቴልና የፔንሲዮን ነገር በጥቂት መስመር ያልቃል። 20 ክፍል ያለው፣ በቀን 40 ሻወር የሚታጠብበት ፔንሲዮን በወር 1,200 ኪሎዋት ሰዓት ለገላ ውሃ ብቻ ያወጣል፤ በሲሶ ቢሠራ 800 ኪሎዋት ሰዓት ይቀራል። በያዝነው 5 ብር 4,000 በወር፣ 48,000 በዓመት። ሆስፒታል፣ ጂም፣ ቀኑን ሙሉ ራስ የሚያጥብ የሴቶች ፀጉር ቤትም እንዲሁ። ለእነዚህ ያዋጣል፤ ባለቤቱም ከፋዩም አንድ ሰው ስለሆነ እሱ ራሱ አስልቶ ይደርስበታል። ማንም ሊመክረው አያስፈልግም።

የማይደርስበት ተከራዩ ነው። ወይም በትክክል ለመናገር፣ ቢደርስበትም ምንም ማድረግ የማይችለው እሱ ነው።

አፓርትመንት የሚሠራ ሪል እስቴት ቦይለር ሲመርጥ የሚያየው የመግዣ ዋጋውን ነው። መቶ ቤት ካለ፣ በእያንዳንዱ ሁለት መታጠቢያ ካለ፣ ሁለት መቶ ቦይለር ነው የሚገዛው፤ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሺህ ብር ማትረፍ ትልቅ ገንዘብ ነው። ሽፋኑ ስስ ይሁን ወፍራም ገዢው አይጠይቀውም፤ አይታይምና። ቤቱን ገዝቶ የሚያከራየውም እንዲሁ ነው፤ የተበላሸ ቦይለር ሲቀይር መርካቶ ወይም ሰፈሩ ካለ ሱቅ ርካሹን ያመጣል። እሱን ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። እኔም አከራይ ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። 60,000 ብር ጨምሬ የተከራዬን ሂሳብ በዓመት 6,000 የምቀንስለት ለምንድን ነው? ኪራይ ልጨምር ብል እንኳ «ሂት ፓምፕ ስላለው ነው» ብዬ የማሳምነው ሰው አላገኝም፤ ቅድም እንዳልኩት ማንም አይጠይቅም።

ተከራዩ ራሱ ይግዛዋ! ይባል ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ለተከራይ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በየስድስት ወሩ ዕቃ ጠቅልሎ ከመዞር አድኖታል። ሆኖም ሁለት ዓመት የተረጋገጠለት ሰው በአሥር ዓመት ለሚመለስ መሣሪያ ገንዘቡን አያወጣም። ቢያወጣ እንኳ ሲለቅ ነቅሎ መሄድ አለበት፤ ግድግዳው ተቦርቡሯል፣ ቧንቧው ተቀይሯል፣ ከአከራዩ ጋር ጠብ አለ። ስለዚህ ርካሹ ቦይለር ይቀመጣል፣ በላተኛው ቦይለር ይቀመጣል፣ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ይወጣል። ተከራዩ የቀረው ምርጫ አንድ ነው፤ ሻወሩን ማሳጠር።

ከዚህ የባሰም አለ። በአንድ ግቢ አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ ሰዎች። አሥር ክፍል የሚከራይበት ግቢ አስቡ፤ እያንዳንዱ ተከራይ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚጠቀመው። ለየብቻቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም ሁለተኛው እርከን ላይ ይቆሙ ነበር። ቆጣሪው ግን የሚያየው 600 ነው፤ አንድ ሀብታም ቤት ነው የሚመስለው። ለድሆች ተብሎ የተተወው ርካሽ እርከን የሚደርሰው ለብቻቸው ቆጣሪ ላላቸው ነው፤ ደሳሳዋ ክፍል ውስጥ ያለችው ተከራይ የቪላውን ዋጋ ትከፍላለች። በዚህ ላይ «ምጣድ መጠቀም ክልክል ነው፣ ቦይለር ከገባ ተጨማሪ ይከፈላል» የሚል የግቢ ሕግ አለ። አከራይዋ ምን ታድርግ? ማን ስንት እንደበላ የሚለይላት ነገር የላትም። በዚህ ግቢ ውስጥ ስለ ሂት ፓምፕ የሥራ ማስኬጃ ወጪ ማውራት ቅንጦት ይመስላል፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ክፍል የሚበላውን የሚያሳይ ትንሽ ቆጣሪ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚቀየመኝን ነገር ልናገር። የታሪፍ ጭማሪውን አልቃወምም። መብራትን ከማምረቻውና ከማከፋፈያው ዋጋ በታች እየሸጡ መስመር ማደስም ሆነ ገጠር ማድረስ አይቻልም፤ ርካሽነቱም በብዛት የሚጠቅመው ብዙ የሚጠቀመውን ነው። የእኔ ጭቅጭቅ ሌላ ነው። ዋጋ ሲጨምር ሰው ባህሪውን ይለውጣል ብለን ነው የተማርነው፤ ያ የሚሆነው ግን ዋጋውን የሚሰማውና መሣሪያውን የሚመርጠው አንድ ሰው ሲሆን ነው። በኪራይ ቤት የዋጋው ምልክት የሚደርሰው ምንም መቀየር ለማይችለው ሰው ነው። ለተሳሳተ አድራሻ የተላከ ደብዳቤ ነው።

«የህዳሴ ግድብ ተመርቆ የለም እንዴ? ምን ቁጠባ አስፈለገ?» የሚለኝም አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ማንም ኢትዮጵያዊ የሚኮራበት ነው። ግን ጉባ ላይ ያለው ኃይል እና የእኛ ሰፈር ትራንስፎርመር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ድረስ መቶ ቤት ያለበት ሕንፃ ቦይለሩን አንድ ላይ ቢያበራ፣ እያንዳንዱ 1.5 ኪሎዋት ብቻ ቢሆን፣ 150 ኪሎዋት በአንድ ጊዜ ይጎትታል። በበዓል ዋዜማ ምጣዱ ሲደመርበት ትራንስፎርመሩ ምን እንደሚሆን ሁላችንም በጨለማ ተቀምጠን ተምረናል። ግድብ ያንን አይፈታውም። በዚያ ላይ ግድግዳ ለማሞቅ የሚፈሰው ኪሎዋት ሰዓት ሌላ ገዢ አለው፤ ለሱዳን፣ ለጅቡቲና ለኬንያ በውጭ ምንዛሪ የምንሸጠው ያንኑ መብራት ነው።

ደግሞ መንግሥት በሰው ቤት ዕቃ ጣልቃ ገብቶ አያውቅም ማለት አይቻልም። መብራት በፈረቃ በሚጠፋበት በ2001 ዓ.ም. አካባቢ አሮጌውን አምፖል መልሶ ኃይል ቆጣቢ አምፖል በነፃ መውሰድ ነበር። ሚሊዮኖች ተለወጡ። ያን ጊዜ ያሰላው ሰው ብልህ ነበር፤ በነዳጅ ጄኔሬተር ተጨማሪ መብራት ከማምረት ለሕዝቡ አምፖል መስጠት ርካሽ ነበር። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሎ መንገዱ ለኤሌክትሪክ መኪና ተለቀቀ። መኪና ላይ ይህን ያህል የደፈረ መንግሥት ቦይለር ላይ የሚፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

ቦይለር በነፃ ይታደል አልልም፤ አምፖል አይደለም። መጀመሪያ የምለው ማንም ሰው ሱቅ ገብቶ የሚያየው ነገር ይኑር ነው። ወደ አገር የሚገባ ቦይለር ሁሉ «ማንም ሳይታጠብበት በቀን ይህን ያህል ኪሎዋት ሰዓት ያፈሳል» የሚል ቁጥር በአማርኛ በትልቁ ይለጠፍበት። ይህ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሥራ መሆን ያለበት ነው። ሁለት ቦይለር ጎን ለጎን ተሰቅለው አንዱ 0.8፣ ሌላው 1.6 የሚል ከሆነ ገዢው ቢያንስ ይጠይቃል፤ ደላላውም «ቦይለር አለው» ከማለት አልፎ «ባለ 0.8 ነው» ማለት ይጀምራል። የአዲስ አበባን ደላላ አትናቁት፤ የሚያሸጥ ቁጥር ካገኘ በሳምንት ውስጥ ከተማውን ያስተምረዋል።

ከዚያ የግንባታ ፈቃድ። አዲስ አፓርትመንትና ሆቴል ሲፈቀድ የሙቅ ውሃ ቧንቧው ከጣሪያ ወይም ከአንድ የጋራ ክፍል እንዲነሳ አስቀድሞ ይታሰብ። ሕንፃው ሲሠራ አንድ ተጨማሪ ቧንቧ መዘርጋት ቀላል ወጪ ነው፤ ከተለሰነ በኋላ ግን ማንም አይሞክረውም። ቧንቧው ካለ አንድ ትልቅ ሂት ፓምፕ ለሕንፃው በሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ሲሠራ ውሎ ማታና ጠዋት ይሰጣል፤ ጠዋት 150 ኪሎዋት የሚጎትት ነገርም አይኖርም። ሂሳቡን የጋራ ማኅበሩ በየቤቱ የውሃ ቆጣሪ ያካፍለዋል። ቤት ለቤት ቢሆን አሥር ዓመት የሚፈጀው መመለሻ በጋራ ሲሆን ያጥራል፤ ሁለት መቶ ትንንሽ በርሜል ግድግዳ ማሞቁን ያቆማልና።

የሶላርን ነገር ዝም ብዬ ባልፈው ትታዘቡኛላችሁ። የራሱ ጣሪያ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው፤ ልክም ነው፤ ፀሐይ ካርድ አታስሞላም። ክረምት ላይ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ደመናው ሲጋርደው ግን ውስጡ ያለው ተጠባባቂ ሬዚስታንስ ነው የሚሠራው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ተከራይ ደግሞ ጣሪያው የማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ለእሱ ከሶላርም ከሂት ፓምፕም በፊት የሚደርስለት ሻወር ቤቱ በር ላይ ያለው ማጥፊያ ነው።

ማጥፊያው ስንት እንደሚያወጣ በነገር ሳይሆን በቁጥር ማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ሌሊት ይሞክር። ማታ ውሃው ሞቆ ቦይለሩ ራሱ እስኪያቋርጥ ይጠብቅ። ፍሪጁንና ቻርጀሩን ሁሉ ይንቀል፣ ቦይለሩን ብቻ ተሰክቶ ይተወው፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ስልኩ ላይ ይጻፍ። ጠዋት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት እንደገና ያንብብ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ማንም ያልታጠበበት ነው። በሦስት ሲያባዛው የሙሉ ቀኑ ይመጣል፤ በ30 ሲያባዛው የወሩ። ከዚያ ስልኩን ይዞ አከራዩ ጋ ይሂድ፤ ቀጣዩ ቦይለር ሲገዛ የሚነጋገሩበት ቁጥር አላቸው።